እምቢ ያለው አረፋ፦ የአንድ ክረምት የመላጨት ማስታወሻ

ሰኔ 28

ነገሩ የጀመረው ከአንገቴ ነው። ፀጉር ቤት በተላጨሁ ቁጥር በማግስቱ አንገቴ ላይ ሽፍ ይልብኛል። ጢሜ ከርዳዳ ነው። ከርዳዳ ጢም አጥብቆ ሲላጭ ጫፉ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ሰውነት ደግሞ እንደ እሾህ ይቆጥረውና ያብጣል። ሰፈር ውስጥ የሚያልፈውን ወንድ አንገት ላየ ብቻዬን አይደለሁም።

ከሁለት ዓመት በፊት ቤቴ ራሴ መላጨት ጀመርኩ። አንድ ምላጭ የሚጎርስ የብረት መላጫ፣ ብሩሽና ደረቅ የመላጫ ሳሙና። በጣሳ የሚሸጠውን አረፋ ተውኩት። ሽፍታው ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ችግሩ ሳሙናው ሱስ ሆነብኝ። አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሦስት። ሰው "የትኛው ይሻላል?" ብሎ ሲጠይቀኝ ግን የምመልሰው የለኝም። ጠዋት ጠዋት እጄ የገባውን ነው የምጠቀመው።

በዚህ ክረምት ግን በሥርዓት ላወዳድራቸው ነው። ደብተር ገዝቻለሁ።

ሰኔ 30

ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሦስቱ እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው የቱርኩ አርኮ። ሰባ አምስት ግራም፣ በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ አጭር ወፍራም ሻማ የሚመስል። ኢስታንቡል ለዕቃ የሚመላለስ ጓደኛዬ ሁልጊዜ ሦስት አራት ያመጣልኛል። ሽታው ጠጅ ሳርና የልብስ ሳሙና አንድ ላይ የታጠቡበት ሳፋ ነው። የሚወደው ይወደዋል፣ የሚጠላው ክፍሉን ለቆ ይወጣል። እኔ ለምጄዋለሁ።

ሁለተኛው የጀርመኑ ታባክ። ክብ ነው፣ 125 ግራም። ሽቶው እንደ ፈረንጆቹ ከ1959 ጀምሮ አለ። ስሙ ትምባሆ ማለት ነው፣ ሽታው ግን ከትምባሆ ጋር አይተዋወቅም። የሕፃን ፓውደርና የድሮ ሽቶ ነው። እህቴ ናት የላከችልኝ። ድሮ በከብት ሞራ ይሠራ ነበር፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ ዕፅዋት ዘይት ዞሯል። የኔው አዲሱ ነው።

ሦስተኛው የእንግሊዙ ሚቼልስ ዎል ፋት። እሱም ክብ፣ 125 ግራም። ስሙ ሲተረጎም የሱፍ ቅባት ነው። ሳሙናው የተወለደባት የእንግሊዟ ብራድፎርድ የሱፍ ከተማ ነበረች፣ ከበግ ሱፍ የሚወጣውን ላኖሊን የሚባል ቅባት ሳሙናው ውስጥ ያስገቡታል። የሞከሩት ሁሉ "ቆዳን እንዲህ የሚያለሰልስ የለም" ይላሉ። ከሦስቱ በጣም የጓጓሁለት እሱ ነው። እስካሁን ሁለት ሦስቴ ነክቼው፣ አረፋው ደስ ሳይለኝ መደርደሪያ ላይ ተውኩት። አዲስ እንደሆነ አለ ማለት ይቻላል።

ሕጎቹ ቀላል ናቸው። መላጫው ያው አንዱ። ምላጩ አስትራ፣ ሦስት ጊዜ ከላጨ ይጣላል። ቀን አሳልፌ እላጫለሁ። መጀመሪያ ፀጉሩ ወደተኛበት፣ ቀጥሎ አግድም። ወደ ላይ፣ ፀጉሩን ተቃርኖ መላጨት የለም። የሽፍታው እናት እሱ ነው። ለአረፋው፣ ምላጩ ለሚንሸራተትበት ልስላሴና ማታ ለሚኖረው የፊቴ ሁኔታ ከአስር ነጥብ እሰጣለሁ።

ብሩሹም አንድ ነው፣ ሰው ሠራሽ። በፊት የአሳማ ፀጉር ብሩሽ ነበረኝ፣ ከሰው ሠራሹ ይልቅ እወደው ነበር። አከራዬ እማማ አንድ ቀን ከምን እንደተሠራ ጠየቁኝና እንደ ሞኝ እውነቱን ነገርኳቸው። "በል ይሄን ነገር ከግቢዬ አውጣልኝ" አሉ። ወጣ።

ሐምሌ 2

አርኮ። ፊቴን በሞቀ ውሃ አጠብኩ፣ ሳሙናውን እንደ ኖራ ጠመኔ ጢሜ ላይ ፈገፈግኩ፣ ከዚያ በእርጥብ ብሩሽ አሸሁት። በአንድ ደቂቃ ፊቴ ነጭ ሆነ። አረፋው ከፍ አይልም፣ ግን ጥብቅ ነው። ምላጩ ሳይጎትት ይሄዳል። አረፋ 7፣ ልስላሴ 7፣ ማታ ፊቴ ትንሽ ደረቅ ብሏል፣ 6።

ስለ አርኮ ብዙ የሚጻፍ የለም። ታማኝ የሆነ የሰፈር ታክሲ ነው። አያምርም፣ ያደርሳል።

ሐምሌ 8

ታባክን ለሦስተኛ ጊዜ። ብሩሹን ሳሙናው ላይ ሃያ ሴኮንድ አዙሬ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አረፋ መታሁ። ይወጣል፣ ግን እየለመኑት ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ ሳህኑ ውስጥ የቀረው ወደ ውሃነት ዞሯል። አረፋ 6፣ ልስላሴ 7፣ ማታ 7።

እማማ በረንዳ ላይ ጎመን እየቀነጠሱ ሳልፍ ቀና አሉና "ዛሬ ደግሞ የጃንሆይ ዘመን ሹም ሸተትክብኝ" አሉ። ለሽታው ነጥብ አልያዝኩም እንጂ ይሄ አስር ነበር።

ሐምሌ 12

ቅዳሜ ነው፣ ጊዜ አለኝ። የሱፍ ቅባቱ ተራ ደረሰ። ለክብሩ ሳሙናውን ቀድሜ አስር ደቂቃ በሞቀ ውሃ ሸፈንኩት። ደረቅ ሳሙና ላዩ ካልራሰ ለብሩሽ እጁን አይሰጥም።

ብሩሹን አዞርኩ። መጀመሪያ ትልልቅ አረፋ ወጣ። ደስ አለኝ። ወደ ሳህኑ አዛውሬ ስመታው ግን ያ ትልልቅ አረፋ ጢስ ብሎ ጠፋ። የቀረው የተነፈሰ ድራፍት ላይ የምትቀረዋ ቀጭን ነጭ መስመር ናት። ውሃ ጨመርኩ፣ ባሰበት። ሳሙና ጨመርኩ፣ ትንሽ ቆመ። ፊቴ ላይ ቀባሁት፣ ግራ ጉንጬን ስጨርስ ቀኙ ደርቋል። ምላጩ አገጬ ላይ ሲደርስ ያዘኝ። ደም።

አረፋ 2። ልስላሴ 3። ማታ ግን የሚገርም ነገር፣ ከአገጬ ቁስል በቀር ቆዳዬ ከሌሎቹ ቀናት ለስላሳ ነው። 7።

ሐምሌ 16

የሱፍ ቅባቱን ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ብሩሹን ሃያ ሳይሆን ስልሳ ሴኮንድ አዞርኩ። ሳሙናውን እንደ አርኮ ፊቴ ላይ በቀጥታም አሸሁት። ተሻሻለ። ከ2 ወደ 4 ሆነ። ግን ይሄን ያህል ሳሙና የሚበላ ከሆነ ለማን ይበቃል? ደብተሬ ላይ "የስም ሳሙና" ብዬ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። ለወንድሜ ልሰጠው ወስኛለሁ። እሱ ጢሙን አይላጭም፣ እጁን ይታጠብበት።

ሐምሌ 18

የመጨረሻ ዕድል ብዬ ለአራተኛ ጊዜ ሞከርኩት። ያው ነው። ግን ዛሬ ዕቃዬን ሳጥብ አንድ ነገር አየሁ። ሳፋው ዙሪያ ግራጫ ቀለበት ቀርቷል። በጣቴ ስነካው አይሟሟም፣ ይለጠፋል። ብሩሹ ሥር ላይም ያው ነገር አለ፣ እንደተረገጠ ማስቲካ። ብሩሹን በንጹህ ውሃ ብለቀልቀው አልለቅ አለ።

ከዚያ ዓይኔ ወደ ውሃ ማፍያዬ ሄደ። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። በየወሩ እፈቅፍቀዋለሁ፣ በየወሩ ይመለሳል። ጀበናዬም ያው ነው።

እኔ የምኖረው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ነው። ወደዚህ የሚመጣው ውሃ የጉድጓድ ነው። በፈረቃ ይመጣል፣ በመጣበት ሌሊት ሁሉም ተነስቶ ሮቶውንና ጀሪካኑን ይሞላል። ሲመጣ የሚሰማን ደስታ እንዲህ ነውና ውስጡ ምን እንዳለ ማን ይጠይቃል?

ውስጡ ኖራ አለ። ካልሲየምና ማግኒዚየም። ሳሙና የሚሠራው ከስብ ወይም ከዘይት በሚገኝ አሲድና በሶዲየም ወይም በፖታሲየም ነው። ኖራ ያለበት ውሃ ሲያገኘው ካልሲየሙ ሶዲየሙን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። አዲሱ ነገር ውሃ ውስጥ አይሟሟም። አረፋ አይሆንም። ግራጫ ቀለበት ይሆናል። ኖራው መጀመሪያ ድርሻውን ይወስዳል፣ ከእሱ የተረፈው ሳሙና ነው አረፋ የሚሆነው። ይሄን አሥረኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ከፊቴ ጋር ያገናኘሁት ዛሬ ነው።

ሐምሌ 19

ገብርኤል ነው፣ ሥራ አልገባሁም። ከሌሊት ጀምሮ ሲዘንብ አድሯል። ጥሩ።

ሦስት ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አዘጋጀሁ። አንዱ ውስጥ የጉድጓዱን ውሃ፣ ሌላው ውስጥ ከአሸንዳው ሥር የተቀበልኩትን ዝናብ፣ ሦስተኛው ውስጥ አሥር ደቂቃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ዝቃጩን ትቼ ከላይ የቀዳሁትን የጉድጓድ ውሃ። ሁሉም እስከ እኩል ድረስ። የሱፍ ቅባቱን በቢላዋ ፈቅፍቄ እያንዳንዱ ውስጥ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጨመርኩ። እስኪሟሟ ጠበቅኩ። ከዚያ እያንዳንዱን ሠላሳ ጊዜ ናጥኩ። ከሩቅ ያየኝ ቅቤ የምገፋ ሊመስለው ይችላል።

የዝናቡ ውሃ አረፋው አንገቱ ድረስ ሞላ። ክዳኑን ስከፍት ገፍቶ ወጣ። አረፋዎቹ ጥቃቅን ናቸው፣ ከሥር ያለው ውሃም ብዙ አልደፈረሰም። አሥር ደቂቃ ቆይቼ ሳየው እዚያው ነው።

የጉድጓዱ አንድ ጣት አረፋ አወጣ፣ ሁለት ደቂቃም አልቆየ። ውሃው የእጣቢ መልክ ያዘ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ ሳየው በውስጡ የተቆራረሰ እርጎ የሚመስሉ ነጫጭ ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ። ሳሙናዬ እነሱ ናቸው። የጓጓሁለት፣ ባሕር አቋርጦ የመጣው ሳሙና።

የፈላው መሀል ላይ ነው። ሦስት ጣት ያህል አረፋ፣ ትንሽ ድፍርስ። ይሄም ምክንያት አለው። ከኖራው ከፊሉ ውሃው ሲፈላ ድንጋይ ሆኖ ይወርዳል፣ ማፍያው ላይ የሚጋገረው እሱ ነው። ሌላው ከፊል ግን ቢፈላም አይወርድም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚበዛ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ለዚህ ሥራ ግን እሱም ይበቃል። ዋናው ነገር ጊዜ ሰጥቶ ማፍላትና እስኪዘቅጥ መጠበቅ ነው።

እማማ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተዋል።

"ምን እያደረግክ ነው ልጄ?"

"ውሃ እየፈተንኩ ነው እማማ። የጉድጓዱ ውሃ ሳሙናውን አበላሸብኝ።"

"አይ አንተ! የጉድጓድ ውሃ ሳሙና ይበላል እኮ። እኔ ፀጉሬንም ነጠላዬንም ክረምት ክረምት በዝናብ ውሃ ነው የማጥበው። ምነው ብትጠይቀኝ?"

በርሜሉ በሬ ሥር ነው ያለው። በየቀኑ አልፌው እሄዳለሁ።

ሐምሌ 22

በርሜሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን ለፊት አይሆንም። በሰኔ መጀመሪያ የወረደው ዝናብ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ከቆርቆሮው አጥቦ ነው የሚያወርደው። አሁን ሐምሌ ነው፣ ጣሪያው ታጥቦ አልቋል። ቢሆንም የዛሬውን ዝናብ የመጀመሪያ አሥራ አምስት ደቂቃ ለቀቅኩት። ከዚያ በሳፋ ተቀበልኩ፣ በንጹህ ነጭ ጨርቅ አጠለልኩ፣ አሞቅኩት።

የሱፍ ቅባቱ፣ ሁለተኛ ፍርድ።

ብሩሹን ሃያ ሴኮንድ ብቻ አዞርኩ። ሳህኑ ውስጥ ስጀምረው ወፍራም፣ ቢጫ ነጭ ቅባት ነበር። ውሃ በጠብታ ጨመርኩ። እንደገና ጨመርኩ። ከሦስተኛው በኋላ ቀለሙ ነጣ፣ መብረቅ ጀመረ። አረፋው ዓይን የሚያየው ቀዳዳ የለውም። ጥሩ ባሪስታ የሠራው ማኪያቶ ላይ ያለው ነው። ሳህኑን ገለበጥኩት፣ አልወደቀም። (ሁለተኛ ጊዜ ገለበጥኩት፣ ወደቀ። አትሞክሩት።)

ልስላሴው ግን ሌላ ነገር ነው። ጉንጬ ላይ ጣቴን ሳስኬድ ተልባ ውስጥ የነከርኩት መሰለኝ። ምላጩ ድምፁ ተለወጠ። ከዚህ በፊት ኩርር ኩርር የሚል ነበር፣ ዛሬ ወረቀት እንደሚገለጥ ብቻ። አንገቴ ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ምንም የለም። አረፋው ከተጠረገ በኋላ እንኳን የቀረው ቅባት ለሌላ ዙር ይበቃል።

አረፋ 9። ልስላሴ 10። ማታ 9።

"የስም ሳሙና" የሚለውን ሰረዝኩት። ወንድሜ እጁን በሌላ ይታጠብ።

ከዚያ በኋላ ያስቆጣኝ ነገር ምን ነበር መሰላችሁ? እስካሁን የሰጠሁት ነጥብ በሙሉ የሳሙና አልነበረም። የውሃ ነው። ታባክንም አርኮንም እንደገና መጀመር አለብኝ። ደብተሩን ገልብጬ ከጀርባው ጀመርኩ።

ሐምሌ 24

ሰነፍ ነኝና አቋራጭ ፈለግኩ። ዝናብ በሌለ ቀን ምን ይደረጋል? ሎሚ! የሎሚ አሲድ ካልሲየም ይይዛል፣ ኖራማ ውሃ ያላቸው የውጭ ሰዎችም ከዚያው ዓይነት አሲድ በዱቄት መልክ ቁንጥር እንደሚጨምሩ አውቃለሁ። እኔ ግን ቁንጥር መቼ አውቃለሁ። ግማሽ ሎሚ ጨመቅኩበት።

አረፋው ዓይኔ እያየ ተቆራረሰ። አሲድ ሲበዛ ሳሙናውን ራሱን ወደ ተሠራበት የስብ አሲድ ይመልሰዋል፣ አይብ ሲወጣ እንደማየት ነው። የፊቴ ማቃጠል ለብቻው ነው። ያ ሳህን የሸተተው ሎሚ የተጨመቀበት የበግ ጸጉር ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ጥብስ አዝዤ መብላት አልቻልኩም።

ሐምሌ 28

አርኮና ታባክ በዝናብ ውሃ። አርኮ ብዙም አልተለወጠም፣ ከ7 ወደ 8። ምክንያቱ ይመስለኛል፣ ፊት ላይ በቀጥታ ስለሚፈገፈግ ሳሙናው ገና ከመጀመሪያው ብዙ ነው፣ ውሃው ትንሽ ነው። ኖራው ድርሻውን ቢወስድም የሚተርፍ አለ። ለዚህ ነው ይሄ ሳሙና በየትም ውሃ፣ በየትም ሆቴል የማያሳፍረው። ለጉዞ ሌላ አልይዝም።

ታባክ ግን ተነሳ። አረፋው ከ6 ወደ 9 ገባ። እንዲያውም በዛብኝ፣ ጆሮዬ ድረስ ነጭ ሆንኩ። ልስላሴው ከሱፍ ቅባቱ ያንሳል፣ አንድ ነጥብ ያህል።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። ከእማማ ጋር ያልጠበቅኩት የሃይማኖት ክርክር ገጠመኝ።

በረንዳ ላይ ሆኜ የአርኮን ወረቀት አነባለሁ። ታሎዌት የሚል ቃል አለ። ታሎ ማለት ሞራ ነው፣ የከብት ስብ። የሱፍ ቅባቱም ውስጥ አለ። ለመላጫ ሳሙና ሞራ የድሮ ወዳጅ ነው፣ ስቴሪክ የሚባለው አሲድ በብዛት አለው። አረፋውን ወፍራምና ቶሎ የማይደርቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ይሄን ለእማማ ሳስረዳ አላስጨረሱኝም።

"በጾም ሞራ ትቀባለህ?"

"አልበላውም እኮ እማማ።"

ትንሽ አሰቡ። "እሱስ አፍህ እስካልገባ ድረስ ምንም አይደል" አሉ። "ይልቅ ያንን ምላስህን ጹምበት። ትናንት ውሃ ጠፋ ብለህ ስትሳደብ ሰምቼሃለሁ።"

ለማንኛውም እስከ ነሐሴ 15 ታባክን ላስቀድም ወሰንኩ። የዕፅዋት ዘይት ነው፣ የጾም ሳሙና። የሱፍ ቅባቱን በመሀል በመሀል ብቻ። ውድድሩ በዚህ ትንሽ ተዛብቷል፣ ይታወቅልኝ።

ነሐሴ 6

አባቴ ዕድሜ ልኩን በተራ የገላ ሳሙና ነው የተላጨው። ስለዚህ ለፍትሕ ሲባል ዛሬ አንድ የገላ ሳሙና አስገባሁ።

በዝናብ ውሃ ብዙ አረፋ ወጣ። ከሁሉም ቀድሞ፣ ከሁሉም በላይ። ፊቴን እንደ ገና አባት አደረገው። ከዚያ ግራውን ስጨርስ ቀኙ ደርቆ ቆዳዬን ሰብስቦ ይዞታል። የገላ ሳሙና ባብዛኛው በሶዲየም ብቻ ነው የሚሠራው፣ የተሠራውም ቶሎ አረፋ አውጥቶ ቶሎ እንዲታጠብ ነው። የመላጫ ሳሙና ላይ ፖታሲየም ይጨመርበታል፣ ስቴሪኩም ይበዛል፣ አረፋው ውሃውን እንዲይዝና እንዲቆይ። አባቴ እንዴት ቻለው? ትዝ ይለኛል፣ እየተላጨ አንድም ቃል አይናገርም ነበር። አሁን ገባኝ። እየቸኮለ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ስፔኖች ላ ቶሃ የሚሉት የመላጫ ሳሙና አላቸው። ጋሊሲያ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ከሚፈልቅ ፍል ውሃ የወጣ ጨው ያስገቡበታል። እኛ በ1879 ፍል ውሃ አይተን ከተማ የቆረቆርን ሰዎች ነን፣ ሳሙናው ግን ትዝ ያለው ሰው የለም።

ነሐሴ 12

የቡሄ ዋዜማ። ልጆቹ ከአሁኑ "ሆያ ሆዬ" እያሉ በሩን ይመታሉ፣ ጅራፉም ይጮኻል። ፀጉሬን ልስተካከል ወጣሁ።

ከፀጉር አስተካካዬ ጋር ስለ ሳሙና ስናወራ ቆይተናል። ዛሬ አንድ አዲስ አርኮ ይዤለት ሄድኩ። ከሰው ሰው እንዳይዘዋወር ሳሙናውን በቢላዋ ቀርፈን ቅርፊቱን ብቻ በሳህን መታን። የሱ ውሃ የጉድጓድ ነው፣ ግን ሳሙና አብዝተን ቻልነው። ራሱ ጉንጩ ላይ ሞከረው።

"ብሮ፣ ይሄ እኮ ምላጩን ያበርራል" አለ። ከዚያ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። "ግን ደንበኛ ያባርራል።"

አንገቴን አይቶ "ምን ቀባህ?" ሲለኝ ዝናብ አልኩት። ሳቀብኝ። አልኮሉን አንስቶ ሊረጨኝ ሲል እጁን ያዝኩት።

ነሐሴ 20

ሚዛን። እዚሁ ግቢ የምትኖር ኬክ በትዕዛዝ የምትጋግር ጎረቤቴ ግራም የምትለካበት ሚዛን አላት። ሐምሌ 20 ላይ ለክቻቸው ነበር፣ ዛሬ ደግሜ ሄድኩ። "ዱቄት እንጂ ሳሙና የሚመዝን ደንበኛ አንተ ብቻ ነህ" አለችኝ። ሚዛኗን በአልኮል ጠርጌ መለስኩላት።

የሱፍ ቅባቱ ሲጀመር 125 ግራም ነበር። በጉድጓድ ውሃ አራት ጊዜ ተላጭቼበት ሐምሌ 20 ላይ 114። በዝናብ ውሃ ስድስት ጊዜ ተላጭቼበት ዛሬ 107። የመጀመሪያው በአንድ መላጨት ከ2 ግራም ተኩል በላይ ነው፣ ሁለተኛው 1 ግራም ከትንሽ። ሙሉ በሙሉ የሚታመን ቁጥር አይደለም። ከውድድሩ በፊት የነካሁትና ለሃይላንዶቹ የፈቀፈቅኩትም የመጀመሪያው ላይ ተቆጥሯል። አዲስ ሳሙና የራሱ ርጥበት ስላለው መጀመሪያ ላይ እሱ ይቀንስበታል። ክረምት ደግሞ ምንም ነገር በወጉ አይደርቅም፣ ከመመዘኔ በፊት ሁለት ቀን ምድጃው አጠገብ ባስቀምጠውም ላዩ ዛሬም ለስለስ ይላል። ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው። ኖራው ሳሙናዬን ግማሽ በግማሽ ይካፈለኝ ነበር።

የመጨረሻ ነጥብ እዚህ ላስፍር። በዝናብ ውሃ፦ የሱፍ ቅባቱ አንደኛ፣ ታባክ በጠባብ ልዩነት ሁለተኛ፣ አርኮ ሦስተኛ። በጉድጓድ ውሃ ተገልብጦ ነው፦ አርኮ በአረፋው ብልጫ አንደኛ፣ ታባክ ሁለተኛ፣ የሱፍ ቅባቱ ጅራት። የፈላ ውሃ ላይ ታባክ ይመራል፣ ሌሎቹ ተቀራራቢ ናቸው። ሰው "የትኛው ይሻላል?" ቢለኝ መልሼ "ማፍያህ ውስጡ ነጭ ነው?" ነው የምለው።

አንገቴ ደህና ነው። ሁለት ቡጉር፣ ሁለቱም ከሎሚው ቀን የቀሩ።

ነሐሴ 29

ዝናቡ እየሳሳ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መውጣት ጀምራለች። ስለዚህ ማጠራቀም አለብኝ።

ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አጥቤ፣ የጠለለ የዝናብ ውሃ ሞልቼ፣ ክዳናቸውን አጥብቄ ጥላ ሥር ደረደርኩ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለአረፋና ብሩሽ ለመንከር ግማሽ ሊትር ይበቃኛል፣ ለመለቃለቁ የጉድጓዱ ይሁን። አንድ ጀሪካን 40 ጊዜ ያላጫል። ሦስቱ 120 ጊዜ። ቀን እያሳለፍኩ 240 ቀን። ጳጉሜን ትቼ ከመስከረም ብቆጥር እስከ ሚያዝያ መጨረሻ። በልግ ከዘነበ ደግሞ ከዚያ በፊት ይሞላልኛል። በጣም ኮራሁ። ደብተሩ ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

ነሐሴ 30

ጠዋት ስወጣ ገመዱ ላይ ሁለት ነጠላና አንድ ጋቢ ተሰጥተዋል። በረዶ መስለዋል። ከገመዱ ሥር አንድ ባዶ ጀሪካን ተጋድሟል።

"ለእንቁጣጣሽ ነው ልጄ" አሉ እማማ፣ ሳልጠይቃቸው። "እንዲህ ያጠራቀምክልኝ እግዜር ይስጥህ።"

ምን እላለሁ? "አሜን" አልኩ። ገብቼ 240 የሚለውን ሰረዝኩና 160 ብዬ ጻፍኩ። እስከ የካቲት መጀመሪያ ግድም። የቀሩትን ሁለቱን ወደ ክፍሌ አስገባሁ፣ አልጋዬ ሥር። ከዚያ ውሃ ማፍያውን ፈቅፍቄ ጣድኩት። ዛሬ በፈላ ውሃ ነው፣ ታባክ።